ፕሮዞሮን ከተሸናፊ ተጫራች ወንበር ላይ ሳየው

ለመሥሪያ ቤቶች ወረቀት፣ ቶነርና የጽሕፈት መሣሪያ እያቀረብኩ ነው የምተዳደረው። ኮምፒውተር አልተማርኩም። ጨረታ ግን ገብቼ አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜም ተሸንፌ አውቃለሁ። ላለፉት ሁለት ወራት ማታ ማታ የዩክሬንን የመንግሥት ግዥ ሥርዓት፣ ፕሮዞሮን፣ ስበረብር ነው ያመሸሁት። ሳትመዘገቡ፣ ሳትከፍሉ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁም ትከፍቱታላችሁ። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የፎቶኮፒ ወረቀት ጨረታ አወጣ። ሰነድ ገዛሁ፣ ሲፒኦ (ለማስያዣ የሚቀርብ፣ ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ሰነድ) አሠራሁ፣ ዋጋዬን አሽጌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። በመክፈቻው ቀን የሁላችንም ዋጋ ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ዝቅተኛው የእኔ ነበር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ስጠይቅ “ሰነድህ ላይ ጉድለት ተገኝቷል” አሉኝ። ምን ጉድለት? “ኮሚቴው ያውቃል።” ያሸነፈው ሰው ምን አስገብቶ እንዳለፈ ልይ ብል ደግሞ ምስጢር ነው ተባልኩ። ሲፒኦዬን ለማስመለስ እንኳ ወር ሙሉ ተመላለስኩ። እውነት ጉድለት ነበረብኝ? ምናልባት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

እና ፕሮዞሮን የምመዝነው በዚህ አንድ ጥያቄ ነው። የተሸነፈ ሰው ለምን እንደተሸነፈ ማየት ይችላል ወይ?

ይችላል። አሳምሮ ይችላል።

ሥርዓቱ የመጣው የዩክሬንን ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ካወረደው ከ2014ቱ የማይዳን አብዮት በኋላ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በጎ ፈቃደኞች፣ ነጋዴዎች፣ ፕሮግራመሮችና አዲስ የተሾሙ ኃላፊዎች ተሰባስበው ሠሩት። መጀመሪያ ላይ ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ዩክሬን የሚባለው የፀረ ሙስና ድርጅት በአደራ ይዞት ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 በሙከራ ተጀመረ፣ ከኦገስት 2016 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም የመንግሥት ገዢ ግዴታ ሆነ። ስሙ በዩክሬንኛ “ግልጽ” እንደማለት ነው። መፈክራቸውም “ሁሉም ሰው ሁሉንም ያያል” የሚል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መረጃው በሙሉ አንድ ማዕከል ይቀመጣል፣ ነጋዴው ግን የሚገባው በግል ድርጅቶች በተሠሩ የተለያዩ የገበያ ገጾች በኩል ነው፣ የፈለገውን መርጦ። በአንዱ ገጽ የወጣ ጨረታ በሁሉም ላይ ይታያል። ይሄ ብልህ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ገጾቹ ለደንበኛ ስለሚፎካከሩ ነጋዴውን ማስተናገድ ጥቅማቸው ነው። ኮዱም ክፍት ነው፣ ማንም ወስዶ ይሠራበታል።

አንድ ማታ የአንድ ትምህርት ቤት የጽሕፈት ወረቀት ጨረታ በቀጥታ ሲካሄድ አየሁ። ተጫራቾቹ በስም አይታዩም፣ ተጫራች 1፣ ተጫራች 2 ነው የሚላቸው። ሦስት ዙር አለ። በየዙሩ መጀመሪያ ዕድል የሚያገኘው ዋጋው ከፍ ያለው ሰው ነው፣ ዝቅተኛው መጨረሻ ላይ ይናገራል። እያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ከፈለገ ይቀንሳል፣ ካልፈለገ ያልፋል። ሥራዬ ስለሆነ ነው መሰለኝ ልቤ ይመታ ነበር። ተጫራች 2 በሦስተኛው ዙር ትንሽ ቀነስ ሲያደርግ እኔ ራሴ ወረቀት ላይ እያሰላሁ “ከዚህ በታችማ ይከስራል” እያልኩ ነበር። ዙሩ አለቀና ስሞቹ ወጡ።

ከዚያ የመጣው ነው ያስገረመኝ። የአሸናፊው ሰነድ ይከፈታል። የተሸናፊዎቹም ይከፈታል። አንዱ ከተጣለ የተጣለበት ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይቀመጣል። ውሉ ሲፈረም እዚያው ይገባል፣ በኋላ ዋጋው ከተሻሻለ ማሻሻያውም እዚያው ይገባል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ወሳኝ ነው። በኛ ሙያ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ በርካሽ አሸንፎ ከሁለት ወር በኋላ “ገበያው ጨመረ” ብሎ ዋጋ ማስጨመር የቆየ መንገድ ነው። እዚህ ማስጨመሩ ባይቀር እንኳ ጎረቤትህ ያይሃል።

አሁን ስለ ሦስት ፕሮፎርማ ላውራ፣ ከሦስት ነጋዴ ስለሚጠየቀው የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ማለቴ ነው። ግዥ ክፍል አካባቢ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። “ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ” ይባላል፣ አንዱ ሰውዬ ሦስቱንም ይዞ ይመጣል። ሦስት ማህተም፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያመሳክረዋል? በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ይቀራል። ፕሮዞሮ ላይ ግን እነዚህ ሰዎች ዱካ ይተዋሉ። ሁለት ድርጅቶች ሁልጊዜ አብረው ይገባሉ፣ አንደኛው ሁልጊዜ ይሸነፋል፣ በዙሮቹም አንድም ጊዜ ዋጋ አይቀንስም። ይሄን ለማየት ኦዲተር መሆን አያስፈልግም፣ የድርጅቱን ስም ፈልጎ ያለፉ ጨረታዎቹን መደርደር ይበቃል። የዩክሬን ፀረ ሞኖፖል ኮሚቴም ተመሳጥረው የተጫረቱ ድርጅቶችን ሲቀጣ እንደ ማስረጃ ከሚያቀርባቸው ነገሮች አንዱ ሁለቱም ከአንድ የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር) መግባታቸው ነው። የፋይሎቻቸው ውስጣዊ መረጃ መመሳሰልም ሌላው ነው። የእጅ ጽሑፉ ተመሳሳይነት ነው እንግዲህ፣ በኮምፒውተር።

ዶዞሮ የሚባል ተጨማሪም አለው፣ ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ። ተጫራቹ ወይም ማንኛውም ዜጋ በአንድ ጨረታ ላይ ቅሬታውን ይጽፋል፣ ሲቪል ማኅበራት ያንን ይዘው ገዢውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃሉ። ወድጄዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ቅሬታም አይቻለሁ።

ጉድለቱን ልናገር። ስፔሲፊኬሽኑ፣ ማለትም የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መስፈርት፣ ለአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ ከወጣ ሲስተሙ ምንም አያደርግም። አሸናፊው የታወቀበትን ጨረታ በሥርዓት ያካሂድላችኋል። ግዥን እየቆራረሱ ጨረታ ግዴታ ከሚሆንበት የገንዘብ መጠን በታች ማድረግም አለ፣ ይታያል እንጂ በራሱ አይቆምም። መታየቱ ዋጋ የሚኖረው የሚያይ ሰው ሲኖር ነው፣ ካየ በኋላም የሚጠይቅ፣ ተጠይቆም የሚቀጣ ተቋም ሲኖር።

ሌላው ጦርነቱ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 የሩሲያ ወረራ ሲጀመር መንግሥት ያለ ጨረታ በቀጥታ መግዛትን ፈቀደ። የሚገባ ነገር ነው፣ ቦምብ እየወረደ ሦስት ዙር አይጠበቅም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጨረታው በአብዛኛው ተመለሰ፣ የመከላከያ ግዥ ዋጋ ግን ተሸፍኖ ቆየ። ከዚያ በጃንዋሪ 2023 ዩሪ ኒኮሎቭ የሚባል ጋዜጠኛ የመከላከያ ሚኒስቴርን የምግብ ውል አወጣው። አንድ እንቁላል 17 ሂሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ ነው)። ኪየቭ ሱቅ ውስጥ ያኔ 7 አካባቢ ነበር። ምክትል ሚኒስትሩ ሥራ ለቀቁ፣ ፓርላማውም ለሠራዊቱ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የነጠላ ዋጋ ይፋ እንዲሆን ሕግ አወጣ። እኔ ይሄን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ስለ ቢሊዮን ቢወራ ሰው ሰምቶ ያልፋል፣ የአንድ እንቁላል ዋጋ ግን ገበያ የምትወጣ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ዋጋ በነጠላ ሲወጣ አገሩ በሙሉ ኦዲተር ይሆናል። ሲሸፈን ደግሞ እንቁላሉ ይወደዳል።

እኛም ጋ ኢ-ጂፒ በሚባለው ሥርዓት የፌዴራል ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ገብቷል። ሰነድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መዞር መቅረቱ ብቻውን ለእንደኔ ዓይነት ትንሽ ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ምኞት ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ነጠላ ዋጋ፣ የተሸናፊ ሰነድ፣ የተጣለበት ምክንያትና የውል ማሻሻያ፣ ተጫራች ላልሆነ ተራ ሰውም ያለ መግቢያ ቁልፍ ክፍት ይሁን። ገንዘቡ የሁላችንም ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ10 8 እሰጠዋለሁ። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ለተሰፋው ስፔክ ነው፣ ሌላውን መልስ ላላገኙት ቅሬታዎች።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ገጹ የእንግሊዝኛ ምርጫ አለው፣ የተያያዙት ሰነዶች ግን በዩክሬንኛ ስለሆኑ የብሮውዘራችሁን መተርጎሚያ አብሩ። ሥራችሁ የሆነውን ዕቃ ፈልጉ፣ የምታውቁት ነገር ዋጋው ወዲያው ይገባችኋል። ያለቀ ጨረታ ምረጡና አሸናፊውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የተጣለውን ሰው ሰነድ ክፈቱ፣ ከዚያ ለምን እንደተጣለ የተጻፈለትን አንብቡ።