ሰርኩላር ሶ ልትገዙ ነው? አዲስ ርካሽ፣ ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ ከአሜሪካ የመጣ

የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍት የተነሳ ሰው መጀመሪያ ከሚገዛቸው ማሽኖች አንዱ ሰርኩላር ሶ፣ ማለትም ክብ ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ ነው። ችፑዱም፣ ኤምዲኤፉም (ሁለቱም ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቁ ሰሌዳዎች ናቸው)፣ ሞራሌውም በእሱ ይቆረጣል። ገበያ ሲወጣ ሦስት ምርጫ ይገጥመዋል፦ ካርቶኑ ያልተከፈተ ርካሽ አዲስ፣ ያገለገለ ቦሽ ወይም ማኪታ፣ እና ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው። በሦስቱም ሠርቻለሁ። የተጠራውን ዋጋ ብቻ ያየ ሰው ይከስራል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ከአሜሪካ በመጣው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ወንድሜ አንድ ጊዜ አዲስ የሚመስል መጋዝ በግማሽ ዋጋ አገኘ። ስፒናውን ቀይሮ ሰካው። ሞተሩ ጮኸ፣ ጨሰ፣ በዚያው ቀረ። በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ግን 15 አምፒር የሚል መጋዝ 1800 ዋት ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ እስከ 3000 ዋት የሚችል ከባድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የእሱን ዋጋ ደምሩበትና ቅናሹ ምን ያህል እንደቀረ እዩ። ሌላም አለ፦ የአሜሪካ ምላጭ ቀዳዳው 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለ220 ቮልት መጋዞች የሚመጣው ግን አብዛኛው 20 ወይም 30 ስለሆነ እንዲሁ አይገጥምለትም። ከእንግሊዝ የመጣም ቢሆን ቢጫ ክብ ስፒና ካለው የግንባታ ቦታ ዕቃ ነው፣ 110 ቮልት። ከዱባይ የመጣ ግን ቮልቱ ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል።

የባትሪ መጋዝ ከሆነ ቮልቱ የሚያሳስበው ቻርጀሩን ብቻ ነው። በ220 የሚሠራ ቻርጀር ካገኛችሁለት ያዋጣል። የሚያመጣላችሁ ሰው ግን ትርፍ ባትሪውን በእጁ ይያዝ፣ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም። የባትሪው አቅም ከ100 ዋት አወር (Wh) በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቅ፣ ከ160 ካለፈ ጭራሽ አይሞክረው።

ርካሹ አዲስ፣ ለምሳሌ ቶታል ወይም ኢንግኮ፣ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ፣ በሳምንት ሁለቴ ለሚቆርጥ ሰው ይበቃል። ደረሰኝ አለው፣ ዋስትና ካለውም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀኑን ሙሉ ዋንዛ ለሚሰነጥቅ ግን ሞተሩ ቶሎ ይግላል፣ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው የብረት መቀመጫውም ቀጭን ከሆነ ሲወድቅ ይጣመማል። ከተጣመመ በኋላ ቀጥ ያለ ቁርጥ አትጠብቁ።

ለዕለት ሥራ እኔ የምመርጠው ያገለገለ ባለ 220 ኦርጅናል ነው። ካርቦን (ለሞተሩ መብራት የሚያስተላልፈው፣ እየተበላ የሚያልቀው ቁራጭ)፣ ኩሽኔታ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ይቀየርለታል፣ ሠሪም አይጠፋም። ቦሽ ሲሆን ቀለሙን እዩ፦ ሰማያዊው ለባለሙያ፣ አረንጓዴው ለቤት ውስጥ ሥራ የተሠራ ነው። “አዲስ ማኪታ” ተብሎ በማይታመን ዋጋ ከተጠራላችሁ ደግሞ ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን ጠርጥሩ። ጽሑፉን፣ የሞዴል ቁጥሩን፣ የገመዱን ውፍረት ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ።

ያገለገለውን ስታዩ ከመሰካቱ በፊት ምላጩን በጓንት ይዛችሁ ወዘወዝ አድርጉት። ግራ ቀኝ ከተጫወተ ኩሽኔታው አልቋል። የምላጩን መከለያ ከፍታችሁ ልቀቁት፣ በራሱ ጠብ ብሎ ካልተመለሰ ጣት ይቆርጣል። በዚህ ላይ አትደራደሩ። መቀመጫውን መስታወት ላይ አስቀምጡና ብርሃን በሥሩ ያልፍ እንደሆነ እዩ። ከዚያ አስነሱት። በካርቦኑ በኩል ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። እሳቱ ዙሪያውን ከከበበ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ የሞተሩ ሽቦ እንደገና ሊጠመጠም ነው፤ ያ ደግሞ የካርቦን ዋጋ አይደለም። ወፍራም ሞራሌ ይዛችሁ ሂዱ፣ አምስት ደቂቃ ቁረጡበት። ባለ 185 ሚሊ ሜትር ምላጭ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊቆርጥ ይገባል።

ለአዲስ ምላጭም ብር ለዩ፣ ዶልዱሞ የሚሸጥላችሁ ይበዛል። ለሞራሌ ባለ 24 ጥርስ፣ ለችፑድና ለኤምዲኤፍ ከ40 እስከ 60።

ሻጩ “መብራት ጠፍቶ ነው እንጂ ይሠራል” ካላችሁ፣ ብሩን ኪሳችሁ አድርጋችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።