ሃራልድ ቢያሸንፍ ኖሮ፦ የአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ግምገማ

ሰሞኑን ደጋግሜ የተጫወትሁት ይህ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1066 ነው፤ የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ 300 ያህል መርከቦች አስከትሎ ሰሜን እንግሊዝ ሲገባ ተጫዋቹ በንጉሡ ቦታ ሆኖ ዘመቻውን ይመራል። በሴፕቴምበር 20 የሚካሄደው የፉልፎርድ ውጊያ በእውነተኛው ታሪክም ኖርዌያውያን የረቱበት በመሆኑ ትእዛዝ አሰጣጡን ለመልመድ ከመጥቀም በቀር ብዙም አያስጨንቅም።

ጨዋታው ኃይሉን የሚያሳየው ከአምስት ቀን በኋላ፣ በስታምፎርድ ብሪጅ ነው። ዕለቱ ሞቃት ስለነበር የሃራልድ ሰዎች ጥሩራቸውን ሪካል ላይ ከቆሙት መርከቦች ዘንድ ትተው መውጣታቸው፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ ጎድዊንሰንም ከደቡብ ገስግሶ ሳያስቡት እንደ ደረሰባቸው ይታወቃል። እዚህ ግን ውሳኔው የተጫዋቹ ነው። ጥሩር ይለበስ ያልሁ እንደሆነ የሠራዊቱን ድካም የሚያሳየው መስመር ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ይቀላል፤ ይቅር ያልሁ እንደሆነ ደግሞ ሰልፉ ከደርወንት ወንዝ ማዶ በቀስት ይረግፋል። ሁለት ጊዜ ከሞትሁ በኋላ መላውን አገኘሁት፦ መርከብ ጠባቂ ሆኖ የቀረውን የአይስታይን ኦሬን ጦር አስቀድሜ አስጠጋሁት። በታሪክ ይህ ጦር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ጥሩሩን እንደ ለበሰ ሮጦ፣ ውጊያው ካለቀለት በኋላ ደክሞ ነበር የደረሰው። (የሁለቱ ነገሥታት ስም በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያይ፣ በሰሌዳው ላይ «ሃሮልድ ቆሰለ» የሚለውን እኔ ቆሰልሁ ብዬ ማፈግፈጌንም አልሸሽግም።)

ድሉ ከተገኘ በኋላ ግን የጨዋታው እውቀት ይሳሳል። የኖርማንዲው ዊሊያም በሴፕቴምበር 28 ፔቨንሲ ላይ ሲያርፍ ከሁለት ውጊያ የተረፈውን ሠራዊት ይዞ ወደ ደቡብ መውረድ በእርግጥ ያስጨንቃል፤ የወደቀው ወታደር አለመተካቱም ተገቢ ነው። ቅሬታዬ ያለው አገዛዙ ላይ ነው። የመዝጊያው ጽሑፍ እንግሊዝ «ለመጀመሪያ ጊዜ» በሰሜን ሰዎች እጅ እንደ ወደቀች ያትታል፤ ዴንማርካዊው ስቬን በ1013 አገሪቱን መያዙን፣ ልጁ ክኑት ከ1016 እስከ 1035 መግዛቱን፣ የልጅ ልጁ ሃርዳክኑትም እስከ 1042 በዙፋኑ ላይ መቆየቱን ዘንግቷል። ክኑት በ1018 ከለንደን ውጭ ካለው አገር ብቻ 72,000 ፓውንድ ግብር ሰብስቦ አብዛኛውን የመርከብ ጦሩን ወደ አገሩ ሸኝቷል፤ በእንግሊዝ ሕግና በጳጳሳቱ ተደግፎም ገዝቷል። ጨዋታው ውስጥ ግን ግብር በሳጥን ውስጥ የሚጨምር ቁጥር ብቻ ነው።

ከሁሉ የባሰው ስህተት የቶስቲግ ነገር ነው። ይህ የሃሮልድ ወንድም ሰሜኑን ሲያስተዳድር በከባድ ግብሩ ምክንያት የአካባቢው መኳንንት በ1065 ያባረሩት ሰው ነው። ከሃራልድ ጎን ቆሞ ወደ ዮርክ መመለሱ ሕዝቡን ሊያስቆጣ ሲገባው፣ ጨዋታው እርሱን ላስከተለ ተጫዋች የታማኝነት ነጥብ ይጨምራል፤ ከስካንዲኔቪያ ጋር ለትውልድ የተዋለደው የዮርክ አገር ደግሞ ያለ ምክንያት ከሁሉ ቀድሞ ያምፃል። በመጨረሻው ሙከራዬ ከፉልፎርድ በፊት ቶስቲግን ወደ መርከቡ ልመልሰው አስቤ ነበር፤ ጨዋታው ግን ይህን ትእዛዝ አይቀበልም።