የዬል ነፃ የጥንታዊ ግሪክ ኮርስ፦ ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት እዩት

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥንት ግሪክንና ሮምን ሥልጣኔ ልማር ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ ግሪክ ታሪክ መግቢያ ኮርሱን ከክፍል እንዳለ ቀርፆ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጦታል። አስተማሪው ፕሮፌሰር ዶናልድ ኬገን ናቸው (በ2021 አርፈዋል)። ቀረጻው በፈረንጆቹ 2007 የተደረገ ነው። 24 ሌክቸር አለው። ክፍያ የለ፣ ፈተና የሚያርም የለ። ሰርተፊኬትም አይሰጥም፤ ለሲቪ ብላችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

እኔ በጣም ነው የወደድኩት። ብዙ ሰው ይህን ትምህርት የንጉሥ ስምና የጦርነት ዓመት መሸምደድ አድርጎ ያስበዋል። ኬገን የሚያስተምሩት ግን ሙግት ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ያለውን ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ እንመነው ወይስ አንመነው የሚለውን ማስረጃ በማስረጃ ይፈትሻሉ። ዲፓርትመንቱ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ዋናው ሥራም ይኸው ነው።

የፔሎፖኔዝ ጦርነትን እንውሰድ። ሁለቱ የግሪክ ከተሞች አቴናና ስፓርታ ከነአጋሮቻቸው የተዋጉት፣ በ431 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ተጀምሮ በ404 አቴናን አንበርክኮ ያለቀ ጦርነት ነው። ታሪኩን የጻፈው ቱኪዲደስ በዘመኑ የኖረ፣ ራሱም የጦር አዛዥ የነበረ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው የአቴና ኃይል እያደገ መሄዱ ስፓርታን አስፈራት፣ ስለዚህ ጦርነቱ የማይቀር ነበር። ኬገን በዚህ አይስማሙም። ስለዚሁ ጦርነት አራት ቅጽ ታሪክ የጻፉ ሰው ስለሆኑ ተቃውሟቸው ክብደት አለው። ተማሪውን ወደ 433 ይመልሱታል። ኮርኪራ የምትባለው ደሴት የስፓርታ አጋር ከሆነችው ከቆሮንቶስ ጋር ተጣልታ አቴናን ድረሺልኝ ትላለች። የአቴና ጉባኤ ሁለት ቀን ይከራከራል፤ በመጀመሪያው ቀን እንቢ ወደ ማለት ያዘነብላል፣ በማግስቱ ሐሳቡን ቀይሮ ለመከላከል ብቻ የሚያገለግል ውል ይገባል። ከዚያ የሚልከው 10 መርከብ ብቻ ነው! ቆሮንቶስና አጋሮቿ 150 መርከብ ይዘው እየመጡ። ትእዛዙም ቆሮንቶሶች ኮርኪራ ምድር ላይ ሊወርዱ ካልሞከሩ በቀር እንዳትዋጉ የሚል ነው። ከአዛዦቹ አንዱ ደግሞ የስፓርታ ወዳጅነቱ የታወቀው የኪሞን ልጅ ነበር። 10 መርከብ ለውጊያ ያንሳል፣ ለማስጠንቀቂያ ግን ይሆናል። እንዲህ የሚያደርግ ከተማ ጦርነት እየፈለገ ነው ወይስ እየሸሸ? ይህን ካያችሁ በኋላ "የማይቀር ነበር" የሚለው አባባል እንደ ድሮው በቀላሉ አይዋጥላችሁም፣ ቱኪዲደስንም ከዚያ በኋላ የምታነቡት እየተከራከራችሁት ነው። ለእኔ የኮርሱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው።

ስለ አቴና ዲሞክራሲ የሚያወሩባቸው ሌክቸሮችም ቆንጆ ናቸው። 500 አባላት ያሉት ምክር ቤት በዕጣ ይመረጥ እንደነበር፣ ዳኞቹ ተራ ዜጎች እንደነበሩ፣ የተናጋሪው ጊዜ በውሃ ሰዓት ይለካ እንደነበር ትሰማላችሁ። የስፓርታው ክፍል ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ታገሡት። ልጆቹ በ7 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው ለውትድርና የሚያድጉበት ምክንያት የሚገባችሁ፣ እርሻውን የሚያርሱላቸው ሄሎት የተባሉት ገባሮች ከጌቶቻቸው በቁጥር እጅግ ይበልጡ እንደነበር ስታዩ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ኮርሱ በአብዛኛው ፖለቲካና ጦርነት ነው። ሴቶች፣ ባሪያዎች፣ ቴአትር፣ ሥነ ጥበብ የሚያገኙት ቦታ ጠባብ ነው። ዛሬ እነዚህ ጉዳዮች በትምህርቱ ውስጥ ሰፊ ድርሻ አላቸው፣ ስለዚህ ሙሉ ሥዕሉ ይኸው ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት። ቪዲዮው ላይም በአብዛኛው የምታዩት አንድ ሰው ቆሞ ሲናገር ነው፤ የኤጅያን ባሕርን ካርታ አጠገባችሁ ካላደረጋችሁ የከተሞቹ ስም ይምታታባችኋል።

እንግሊዝኛው ፈጠነብኝ ለምትሉ እያንዳንዱ ሌክቸር ሙሉ ጽሑፉ አብሮት አለ። እሱን እያነበባችሁ ስሙት፣ በጣም ይረዳል። የጥንቶቹን ጸሐፊዎች ሄሮዶቱስን፣ ቱኪዲደስንና ፕሉታርክን ደግሞ በትርጉምም ቢሆን ጎን ለጎን አንብቡ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ትምህርቱ ሁለት መንገድ አለው፦ አንዱ ግሪክኛና ላቲን ቋንቋ አስተምሮ ዋናውን ጽሑፍ ያስነብባል፣ ሌላው ሥልጣኔውን በትርጉም ያስጠናል። ይህ ኮርስ የሚያቀምሳችሁ ሁለተኛውን ነው። የቋንቋው መንገድ ከሳባችሁ፣ የግሥ እርባታ ማጥናት ይሆንላችሁ እንደሆን ለብቻው ሞክሩት።

ሮም እዚህ የለችም፤ ታሪኩ የሚያበቃው የመቄዶንያው ንጉሥ ፊሊጶስ በ338 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግሪኮቹን ድል ካደረገበት ዘመን ጋር ነው። ሮምን ለምትፈልጉ እዚያው ድረ ገጽ ላይ የፕሮፌሰር ዳያና ክላይነር የሮማውያን ኪነ ሕንፃ ኮርስ አለ። እሱ በሥዕል የተሞላ ነው። የሮሙን ቤተ መቅደስ ፓንቴዎንን፣ ያንን 43 ሜትር ስፋት ያለውን የኮንክሪት ጉልላት፣ የሚያሳየውን ሌክቸር አስቀድሙ።