ለቤት መኪና ጣሪያ የሚሻለው ቅብ፦ አክሪሊክ ወይስ ሲሊኮን?

የቤት መኪና (ማለትም ውስጡ እንደ ቤት የሚኖርበት ተሽከርካሪ) ጣሪያ አንዴ ማፍሰስ ከጀመረ ውሃው ከሽፋኑ ሥር ያለውን ጣውላ ቀስ በቀስ ስለሚያበሰብሰው፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ይህን ለመከላከል ጣሪያው ላይ ከሚቀቡት ሁለት ዓይነት ቅቦች መካከል አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን በመሆኑ ለመቀባት ይቀላል፤ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል፤ ዋጋውም ከሲሊኮን ያነሰ ነው። ድክመቱ የሚታየው ውሃ በሚተኛበት ቦታ ነው፤ በአየር ማቀዝቀዣው ዙሪያ ጎድጎድ ባለው ስፍራ ለቀናት የቆየ ውሃ ቅቡን አለስልሶ ሊያስለቅቀው ይችላል። ሳይደርቅ ዝናብ ከመታውም ይታጠባል።

ሲሊኮን በአንጻሩ ከአየር በሚያገኘው እርጥበት የሚጠነክር ሲሆን፣ የተኛ ውሃንም ሆነ የፀሐይን ጨረር በእጅጉ ይቋቋማል። በእኔ አስተያየት፣ ጣሪያው ውሃ የሚያቁር ከሆነና መኪናው ደጅ የሚያድር ከሆነ፣ ተጨማሪው ወጪ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሲሊኮን አቧራ ስለሚይዝ ንጣቱ ይደበዝዛል፤ ሲረጥብም ክፉኛ ያንሸራትታል (ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም)። ከሁሉም በላይ፣ ሲሊኮን በተቀባ ጣሪያ ላይ ከሌላ ሲሊኮን በቀር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጣበቅ ቅብ ስለማይገኝ፣ ወደ አክሪሊክ መመለስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አሮጌውን ፍቆ ማንሣት ይኖርበታል።