በደሴና በኮምቦልቻ መጋረጃ ለምታሠሩ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በቅርቡ የወላጆቼን ቤት መጋረጃ ከዘንጉ እስከ ዘርፉ የሠሩልንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ለምትፈልጉም ልጠቁማቸው እወዳለሁ። ሱቃቸው የሚገኘው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እሳቸው ይሰፋሉ፤ የእኅታቸው ልጅ ደግሞ ዘንጉን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ስማቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አላሰፈርኩትም፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ከሌሎች የለየኋቸው ሥራውን የሚጀምሩት ከጨርቁ ሳይሆን ከግድግዳው በመሆኑ ነው። ብዙ ቦታ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚዘረጋላችሁ የጨርቅ ናሙና ሲሆን ዘንጉ፣ መያዣው፣ ቀለበቱና ማሰሪያው በመጨረሻ ከተረፈው ገንዘብ የሚገዙ ናቸው። እሳቸው ግን ቤታችን እንደገቡ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። የወላጆቼ ቤት እንደ ብዙዎቹ የደሴ ነባር ቤቶች ግማሹ ጭቃ፣ በኋላ የተጨመረው ሳሎን ደግሞ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ልስኑን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ከባድ መጋረጃ በየቀኑ ሲሳብ ውሎ አድሮ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የሰቀለልን ዘንግ የወደቀውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ልጁ በሳሎኑ ረጅም ፊሸር ተጠቀመ። በጭቃው ክፍል ግን ፊሸር ጨርሶ አልሞከረም፤ ቋሚዎቹን በምስማር ፈልጎ ካገኘ በኋላ ከመስኮቱ በላይ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ አጋድሞ ከቋሚዎቹ ጋር በብሎን አሰረውና የዘንጉን መያዣ በጣውላው ላይ ገጠመው። ጣውላው የግድግዳው ቀለም ስለተቀባ ዛሬ ያልተነገረው ሰው አያየውም።

ልኬቱም ቢሆን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የሳሎኑ መስኮት ስፋት 2.40 ሜትር ሲሆን ዘንጉን 2.80 አደረጉት፤ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር መትረፉ መጋረጃው ሲከፈት በመስታወቱ ፈንታ ግድግዳው ላይ ተሰብስቦ እንዲቆም ያደርጋል፤ ብርሃን አይሰረቅም፣ መስኮቱም ከእውነተኛ ስፋቱ በላይ ሰፊ ይመስላል። በዚህ ርዝመት ላይ ሁለት መያዣ ብቻ ቢሆን ዘንጉ መሐሉ ላይ መጉበጡ ስለማይቀር ሦስተኛ መሐል ላይ ጨመሩ። ለወፍራሙ የከፋይ መጋረጃ የዘንጉን እጥፍ፣ ማለትም 5.60 ሜትር፣ ለስሱ መጋረጃ ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ 7 ሜትር ያህል ጨርቅ ቆረጡ። ሽንሽኑ ሞልቶ የሚወርደው በዚህ ልክ ሲቆረጥ ነው፤ ጨርቅ ቆጥበው ዘርፍ የሚያበዙ ሰዎች ጌጡን ባዶ ጨርቅ ላይ እንደ መለጠፍ ያደርጉታል የሚለው የባለሙያዋ አስተያየት ለእኔም ትክክል ሆኖ ታይቶኛል።

ወደ ጌጡ ስንመጣ እናቴ ከላይ ድርብ እጥፋት፣ ከታች ዘርፍ፣ በጎን ጥለት፣ በማሰሪያው ላይ ሌላ ዘርፍ፣ በዘንጉ ጫፎች ላይ ደግሞ ትልልቅ የወርቅ ቅብ ቅጠሎች እንዲኖሩ ፈልጋ ነበር። ባለሙያዋ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሟትና፣ «አብሽሪ እኅቴ፣ ሁሉም ይቻላል፤ ግን የምንሰቅለው አይጠየፍ አዳራሽ ነው ወይስ እዚህ ሳሎን?» ብለው አሳቋት። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ጣሪያው የሚሸከመውን ጌጥ ዝቅ ያለ ኮርኒስ አይሸከመውም ማለታቸው ነው። በስምምነት ከሁሉም አንዱ ተመረጠ፤ ሁለቱ መጋረጃዎች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጥለት። ዘርፍ ማሰሪያዎቹ ላይ ብቻ ቀረ።

ይህን ጥለት የያዙበትን መንገድ በዝርዝር ላንሣ፤ ምክንያቱም በብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከፋዩ ግን በዚያ ልክ አይሰበሰብም፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ጥለት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጠርዙን ስቦ ያጨማድደዋል። ስለዚህ ጥለቱን አስቀድመው ነክረው አደረቁት፣ ቀይ ክሩ ቀለም እንደማይለቅም በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሽተው አረጋገጡ። ከዚያም መጋረጃው ያለ ጥለትና ያለ ታች እጥፋት ለጥቂት ቀናት ተሰቅሎ እንዲቆይ አደረጉ፤ ከባድ ጨርቅ በራሱ ክብደት ስለሚረዝም እጥፋቱ ቀድሞ ከተሰፋ በኋላ ወለል ይጠርጋል። ጥለቱን የሰፉት በመኪና አይደለም። ተሰቅሎ ሳለ ከላይ ጀምረው በመርፌ፣ ክሩን ብዙም ሳያጠብቁ፣ ከፊት ምንም ስፌት እንዳይታይ አድርገው ወረዱበት። ማሰሪያዎቹም ለብቻቸው ተነቅለው እንዲታጠቡ በግድግዳ ማንጠልጠያ ላይ በቀለበት ብቻ ተይዘዋል።

ዘንግና ቀለበት ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ የሚል ምክራቸውንም ለሌሎች ባካፍል ቅር እንደማይላቸው አምናለሁ። ነሐስ ማግኔት አይስበውም፤ ነሐስ ተብሎ የሚሸጠው ቀለበት ከተሳበ ግን ውስጡ ብረት፣ ላዩ ቅብ ነው። ደሴ ላይ ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤት ውስጥ ሳይቀር ስለሚያረጥብ ቅቡ በተጫረበት ቦታ ዝገት ይጀምርና ጨርቁን ያቆሽሻል። ሁሉም ሰው ነሐስ ይግዛ ለማለት አይደለም፤ እኛም አቅማችንን አይተን ዘንጉን ብረት፣ ጨርቁን የሚነኩትን ቀለበቶች ብቻ ነሐስ አድርገናል። በዘንጉ ጫፎች ላይ ከቅጠሎቹ ይልቅ ትንሽ የእንጨት ኳስ ተደረገ፤ ግድግዳው ጥግ ስለሚቀርብ ትልቅ ጌጥ አይገባም ነበር። ለብርዱም ከፋዩ ገበር ተደርጎለት ጫፉ እስከ ግድግዳው እንዲታጠፍ ስለተሠራ በጎን የሚገባው ነፋስ በእጅጉ ቀንሷል።

ዋጋቸው ርካሽ ነው አልልም። ነገር ግን ጨርቁን፣ ዘንጉን፣ መያዣውን፣ ጥለቱን፣ ስፌቱንና የመስቀያውን ክፍያ ለየብቻ ጽፈው ስለሚሰጡ አቅም የማይፈቅደውን መቀነስ ይቻላል። አንድ ቅሬታ ካለኝ ቀጠሯቸው መርዘሙ ነው፤ ለአረፋ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥር ሠርግ የምታስቡ ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፤ «ነገ ይድረስልኝ» የሚል ሥራ አይቀበሉም። ልኬቱን ራሳቸው መጥተው ካልወሰዱም ጨርቅ አይቆርጡም። ኮምቦልቻ ድረስ ይወርዳሉ፤ የትራንስፖርቱ ወጪ በአሠሪው ነው። እዚያ ሙቀት ስለሆነ ከከፋይና ከገበር ይልቅ ቀለል ያለ ጨርቅ ስለሚመክሩ ወጪው ከእኛ ሊያንስ ይችላል፤ ከመደወላችሁ በፊት ግድግዳችሁ ብሎኬት ይሁን ጭቃ ለይታችሁ ብትነግሯቸው ልጁ ተስማሚውን ፊሸር ወይም ጣውላ ይዞ ይመጣል።