ሮት ወይስ ትራዲሽናል? ከ2025ቱ የግብር ሕግ በኋላ የሁለቱ የጡረታ ሒሳቦች ግምገማ

ትራዲሽናል የጡረታ ሒሳብ ግብሩን ገንዘቡ በሚወጣበት ጊዜ፣ ሮት ደግሞ በሚገባበት ጊዜ ያስከፍላል። በ2017 ዝቅ የተደረጉት የአሜሪካ የግብር እርከኖች (በገቢ መጠን ደረጃ በደረጃ የሚጨምሩት የግብር መቶኛዎች) በ2025 መጨረሻ ያበቃሉ ተብሎ ይጠበቅ ስለነበር፣ «ግብሩ ሳይጨምር አሁኑኑ ከፍላችሁ ሮት ውስጥ አስገቡ» የሚል ምክር በሰፊው ይሰጥ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ እርከኖቹን የማብቂያ ቀን የሌላቸው ስላደረጋቸው የመጣደፉ ምክንያት ቀርቷል። አሁን ምርጫውን የሚወስነው የየቤተሰቡ ገቢ ነው።

በዓመት በድምሩ 120,000 ዶላር ደመወዝ የሚያገኙ ባልና ሚስትን እንውሰድ። የ2026 መደበኛ ተቀናሽ (ግብር የማይከፈልበት የገቢ ክፍል) የሆነው 32,200 ዶላር ሲነሳ ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው 87,800 ዶላር ይሆናል፤ ይህም እስከ 100,800 ዶላር በሚዘልቀው የ12 በመቶ እርከን ውስጥ ነው። 50 ዓመት ያልሞላው አንዱ የዓመቱን ጣሪያ 7,500 ዶላር ትራዲሽናል አይአርኤ (ሰው በራሱ የሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ) ውስጥ ቢያስገባ ከፌዴራል ግብር የሚተርፋቸው 900 ዶላር ብቻ ነው። ያንን 900 ዶላር ዛሬ ከፍለው ሮትን ቢመርጡ ግን፣ ሒሳቡ ከተከፈተ አምስት ዓመት እስካለፈው ድረስ፣ ገንዘቡ ለዓመታት ካፈራው ትርፍ ጋር ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ ያለ ምንም የፌዴራል ግብር ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ያለማመንታት የምመክረው ሮትን ነው።

አገር ቤት ያለ ወላጅ ቢታመም ወይም ድንገተኛ ለቅሶ ቢደርስ፣ ሮት አይአርኤ ውስጥ ያስገቡትን ዋናውን ገንዘብ በማንኛውም ጊዜ ያለ ግብርና ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ከትራዲሽናል ያለ ዕድሜው የሚወጣ ገንዘብ ግን፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከግብሩ በላይ 10 በመቶ ቅጣት ይከተለዋል። ሆኖም ከሮት የወጣ ገንዘብ 60 ቀን ካለፈው በኋላ ተመልሶ የሚገባው በዓመቱ ጣሪያ ልክ ብቻ ስለሆነ፣ ሒሳቡን እንደ ዕቁብ ማየት አይገባም።

ሁለቱም ነርስ ሆነው 190,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ግን የ22 በመቶ እርከን ላይ ናቸው። አንዳቸው በመሥሪያ ቤቱ 401ኬ (በአሠሪ በኩል በሚከፈት የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ) የ2026ን ጣሪያ 24,500 ዶላር በትራዲሽናል በኩል ቢያስገባ 5,390 ዶላር የፌዴራል ግብር ይቀነስላቸዋል፤ በጡረታ ዘመናቸው ወደ 12 በመቶ ከወረዱ ልዩነቱ የራሳቸው ነው። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ወጥተው የስቴት የገቢ ግብር ወደሌለበት ቴክሳስ ለመሄድ ያሰቡ ከሆነ ጥቅሙ ይበልጥ ይሰፋል። አጥብቄ የማሳስበው ግን፣ ከግብር የተረፈው ገንዘብ ለብቻው ካልተቆጠበ የትራዲሽናል ብልጫ አብሮ እንደሚጠፋ ነው።

አዲሱ ሕግ በሶሻል ሴኩሪቲ (መንግሥት በሚከፍለው የጡረታ አበል) ላይ የሚከፈለውን ግብር አስቀርቷል ተብሎ የተወራው ትክክል አይደለም። ሕጉ የሰጠው ከ2025 እስከ 2028 ድረስ 65 ዓመት ለሞላው ሰው 6,000 ዶላር ተጨማሪ ተቀናሽ ሲሆን፣ እርሱም ላላገባ ከ75,000፣ ለባልና ሚስት ከ150,000 ዶላር ገቢ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ከትራዲሽናል የሚወጣ ገንዘብ በዚህ ገቢ ውስጥ ይቆጠራል፤ ደንቡን ጠብቆ ከሮት የሚወጣው አይቆጠርም።

ዕድሜያቸው 50 የሞላና በ2025 ከአሠሪያቸው ከ150,000 ዶላር በላይ ደመወዝ ያገኙ ሠራተኞች፣ በዕድሜያቸው ምክንያት የተፈቀደላቸውን ተጨማሪ የ401ኬ መዋጮ ከ2026 ጀምሮ ማስገባት የሚችሉት በሮት በኩል ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤታቸው ዕቅድ የሮት አማራጭ ከሌለው ተጨማሪውን ማስገባት ስለማይችሉ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩን ከወዲሁ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።