ስድስት መብራት ሳይደረድሩ ብርሃን የጨመሩልኝ ኤሌክትሪሺያን

ገርጂ ያለው ቤታችን ግቢ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ አለ። መኪና ግን የለኝም። ስለዚህ ቦታው ከስራ መልስ እንጨት የምሰራበት ሆኗል።

ችግሬ ማታ ማታ ነበር። ኮርኒሱ መሀል ላይ አንድ ፍሎረሰንት አለ፤ የስራ ጠረጴዛዬ ደግሞ ግድግዳው ጋ ነው። ጎንበስ ስል መብራቱ ከጀርባዬ ይቀራል፣ በእርሳስ ያሰመርኩት ይጠፋኛል። የቁም ሳጥን በር አሳጥሬ የቆረጥኩት ከገዛ ጥላዬ ጋር ስታገል ነው ብል ባለቤቴ አታምነኝም።

ቢሯቸውን ከሚያድሱ ሰዎች ስድስት ያገለገሉ ባለ 1.20 ሜትር ፍሎረሰንቶች ገዛሁ። መጀመሪያ የጠራሁት ልጅ «ስድስቱንም ልደርድርልህ» አለኝ። ጎረቤቴ ግን ጋሼን ሳታማክር ምንም እንዳታስነካ አለ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

ሶስት ሰዓት ብለው አምስት ሰዓት መጡ። ይህን ሳልናገር አላልፍም። መሰላል ሳይወጡ በፊት «እስቲ እንደምትሰራው ሆነህ ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ጥላዬን በጠመኔ ዙሪያውን አሰመሩና «መብራት አላነሰህም፤ ቦታውን ነው የሳተው» አሉ።

ቀጥለው መሮ የምስልበትን ግራይንደር ድንጋይ ጎን ላይ በጠመኔ ጭረት አደረጉ። በሩን ዘጉ፣ ከገዛኋቸው አንዱን አሮጌ ፍሎረሰንት አበሩ፣ ሞተሩን አስነሱ። ጭረቱ ደብዘዝ ብሎ ቀስ እያለ ወደኋላ ሲሄድ አየሁት! ድንጋዩ እኮ በደቂቃ ወደ 3000 ዙር እየተሽከረከረ ነው። ያ ከባድ፣ የሚያጉረመርም ባላስት (ወደ መብራቱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው እቃ) ያለው መብራት በእኛ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አያስተውለውም፤ የሚሽከረከር ነገር ግን የቆመ ወይም ቀስ ያለ ያስመስላል። «በሰርኩላር፣ በክብ መጋዙ ቢሆን እጅህን ትሰድድ ነበር» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ከስድስቱ ሁለቱ እንዲህ ያሉ ስለነበሩ በረንዳ ላይ ተሰቀሉ። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ያላቸው፣ እንዲህ ዓይን የማያታልሉት አራቱ ቀሩ። ሁለቱን ከጠረጴዛው በላይ፣ በርዝመቱ ልክ፣ እኔ ከምቆምበት ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው በሰንሰለት አንጠለጠሉ። የቀሩት ሁለቱ ከሰርኩላሩ ግራና ቀኝ ናቸው፤ የአንዱን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል። ማብሪያቸውም ለየብቻ ነው። ረጅም ጣውላ ሳዞር የፍሎረሰንቱን ዘንግ መትቼ እንዳልሰብረው የፕላስቲክ መሸፈኛ አደረጉበት፤ ዘንጉ ውስጥ ሜርኩሪ አለ።

ዘንጎቹን አዲስ ነው የገዛነው። ጫፉ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። 865 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ 840 ለስለስ ይላል። እኔ 865 ፈልጌ ነበር። «ደስ ያለህን፤ ብቻ ቀላቅለህ አትስቀል፣ የቫርኒሽህ ቀለም እዚህና እዚያ ይለያይብሃል» አሉ። 840 ገዛን። ዋንዛው አሁን ማታም ዋንዛ ይመስላል።

ኤልኢዲ አይሻልም ወይ ለምትሉ፣ እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። «የገዛኸው ይስራ። ሲቃጠል ትቀይራለህ፤ ያኔ ባላስቱን ሳታሳይ ኤልኢዲውን ዝም ብለህ እንዳትሰካ» ነው ያሉኝ። ሌላ እቃ ሊያስገዙኝ አልሞከሩም። የጠየቁትም የግማሽ ቀን ዋጋ ብቻ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት አያነሱም፣ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። ደግሞ ጠረጴዛችሁ የት እንደሚቀመጥ ሳይመጡ በፊት ወስኑ። እኔ መሀል ላይ ሀሳቤን ቀይሬ ተቆጥተውኛል።